ከግድግዳው ሶኬት ጀምሮ

የመስቀል በዓል በቀረበ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወልቂጤ በኩል ወደ ጉራጌ አገር የሚወስደው መንገድ ከወትሮው እጅግ የበዛ ሰውና ዕቃ ይሸከማል፤ የመርካቶው ነጋዴ ሱቁን ቆልፎ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ፈቃድ ጠይቆ፣ በባሕር ማዶ የሚኖረውም ቢሆንለት ትኬቱን ቆርጦ፣ ሁሉም በዓሉን ከወላጆቹ ጋር ለማክበር ወደ ተወለደበት ቀዬ ይመለሳልና። ይህ ወደ አገር የመመለስ ልማድ ከአባቶች የወረደ ይሁን እንጂ በበዓሉ ሰሞን በየቤቱ የሚመከርበት ነገር ከዘመኑ ጋር ይለወጣል። ዱሮ ስለ መሬትና ስለ ጋብቻ፣ ኋላም ስለ ሱቅና ስለ ትምህርት ቤት ይመከርበት በነበረው በረንዳ፣ በእዣ ወረዳ ዋና ከተማ በአገና፣ አንድ ወጣትና አጎቱ ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒውተር ከየትኞቹ አካላት ተገጣጥሞ ሊሠራ እንደሚገባው ሲከራከሩ ለመስማት ዕድል ገጥሞኛል።

ወጣቱ በጉብሬ በሚገኘው በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ በልጅነቱ ከጓደኞቹ ጋር በፕሌይስቴሽን ቤት በየግጥሚያው እየከፈለ እግር ኳስ ሲጫወት ያደገ ነው። አጎቱ ደግሞ በመርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚነግዱ፣ ልጁ የገባበትን እቁብም በዋስነት የፈረሙለት ሰው ናቸው። እቁቡ ቀደም ባለው ዕጣ ስለ ወጣለት ገንዘቡ በእጁ ነበረ፤ የሚገዛውንም ዕቃ በደብተሩ ላይ በተራ ጽፎ፣ ቡናው ተጠጥቶ እንዳበቃ አምጥቶ አሳያቸው። በገጹ ራስ ላይ የግራፊክስ ካርዱ ስም በጉልህ ተጽፏል፤ ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ፣ ከዚያ ማዘርቦርዱና ራሙ፤ ከሁሉ በታች፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ «ፓወር ሰፕላይ፦ የተገኘው» ይላል። አጎትዬው ላይኛውን መስመር አልፈው ጣታቸውን በዚህችው ላይ አሳረፉ።

«ይኼ ‹የተገኘው› ያልከው ምንድን ነው?»

«እሱ መብራት የሚያስገባው ነው፣ ጋሼ። ለጨዋታው ፍጥነት የሚጨምረው ነገር የለም።»

«መብራት የሚያስገባውን ነው እንግዲህ በተገኘው የምትለው? ቤት ስትሠራ ምሰሶውን በተገኘው እንጨት ታቆማለህ?»

ልጁ ዝም አለ። እኔም ስለ ኮምፒውተር አመራረጥ ካነበብኋቸውና ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ ይህች ጥያቄ ለእንዲህ ያለ ከተማ የበለጠች መሆኗን አምኛለሁ። በሰፊው ዓለም የሚሰጠው ምክር ከጨዋታው ይነሣል፤ ጨዋታው ግራፊክስ ካርዱን፣ ካርዱም ፕሮሰሰሩን ይወስናል፣ የቀረው ሁሉ ተከታይ ነው ይባላል። ያ ምክር መብራት እንደ አየር ሳይቋረጥ በሚገኝበት አገር ለተቀመጠ ሰው እውነት ነው። ከአዲስ አበባ ርቆ በመስመር ጫፍ ላይ ለሚኖር ሰው ግን ምርጫው ከግድግዳው ሶኬት ተነሥቶ ወደ ውስጥ ሊሄድ ይገባዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት ኃይለ ኤሌክትሪክ ከምንጩ እስከ ቤታችን የሚያደርገውን ጉዞ ማሰብ ያሻል። አገራችን በማመንጨት በኩል ብዙ ርቀት ተጕዛለች፤ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ግልገል ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነገር ግን በግድቡ የተወለደው ኃይል በትራንስፎርመርና በቀጭን ሽቦ አልፎ ወደ እልፍኝ እስኪገባ ድረስ በየመንገዱ የሚገጥመው እክል ብዙ ነው። በደንቡ 220 ቮልት ሊሆን የሚገባው ግፊት፣ ጎረቤት ከ3,000 ዋት በላይ የሚስበውን የኤሌክትሪክ ምጣድ በሰካ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ አምፑሉ ይፈዛል፣ የማቀዝቀዣው ሞተር ያቃስታል። መብራት ሄዶ በሚመጣበት ቅጽበት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፣ ግፊቱ ከመጠኑ በላይ ዘልሎ፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ብሎ ነው የሚረጋው። በየከተማው ጥገና ቤት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡት ቴሌቪዥኖችና ዲኮደሮች ስንቶቹ በዚህች ቅጽበት እንደ ተቃጠሉ ባለሙያዎቹን ጠይቆ መረዳት ይቻላል።

ፓወር ሰፕላይ የሚባለው ሣጥን የሚቆመው እንግዲህ በዚህ ነውጠኛ ኃይልና ስሱ በሆኑት የኮምፒውተሩ ሕዋሳት መካከል ነው። ተለዋዋጩን የግድግዳ ኃይል ተቀብሎ ወደ ቀጥተኛ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት አውርዶ ለእያንዳንዱ አካል እንደ ጠባዩ ያድላል። ጥሩ የሆነው በሚሰጠው መጠን አይዋዥቅም፤ አደጋ ሲመጣም ራሱን ዘግቶ ሌሎቹን ያድናል። ርካሹ ግን ሲሞት ብቻውን አይሞትም፤ ማዘርቦርዱንና ውዱን ግራፊክስ ካርድ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

አጎትዬው ከሱቃቸው ልምድ የሚያውቁት አንድ ነገር ነበረና በዝርዝር አስረዱት። በሣጥኑ ጐን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። አንዳንዱ «200–240 ቮልት» ይላል፤ ይህ ግፊቱ ከ200 በታች በወረደ ጊዜ ኮምፒውተሩን ሊያጠፋው ይችላል። ሌላው «100–240 ቮልት» ይላል፤ ይህኛው የኃይል ማረሚያ ያለው፣ ግፊቱ እስከ ግማሽ ገደማ ቢወርድ እንኳ ሥራውን የማያቋርጥ ነው። በመብራት መዋዠቅ ለሚቸገር ቤት በዚህች የሁለት ቁጥሮች ልዩነት ውስጥ ያለው ጥቅም፣ በጨዋታ ፍጥነት ስም ከሚጨመር ከማንኛውም ወጪ ይልቃል። «80 ፕላስ» የሚለው ማኅተም መልካም ምልክት መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም የሚመሰክረው ከግድግዳ ከተሳበው ኃይል ምን ያህሉ ሳይባክን ለሥራ እንደሚውል ነው እንጂ መከላከያው ምን ያህል እንደሚታመን አይደለም። ስለዚህ ገዢው ከማኅተሙ አልፎ፣ የግፊት መብዛትን፣ የጭነት መብዛትንና የሽቦ መገናኘትን የሚከላከሉ ሥርዓቶች መኖራቸውን መጠየቅ ይገባዋል። ስም በሌላቸው ሣጥኖች ላይ የሚጻፈው የዋት ቁጥርም ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ዐቅም የበለጠ ነው፤ ሣጥኑን በእጅ መመዘን ሳይቀር ይረዳል፣ በውስጡ በቂ መዳብና ብረት የሌለው ሣጥን ክብደቱ ራሱ ያጋልጠዋልና።

ዐቅሙ ምን ያህል ይሁን ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ሒሳብ ነው። ወጣቱ የመረጠው ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር በስሌት 65 ዋት ተመድቦለታል፤ በመጨረሻ የገዛው አርኤክስ 6600 የተባለው ግራፊክስ ካርድ 132 ዋት ይወስዳል፤ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ፋኖቹና ማከማቻው ተደምረው ጠቅላላው ከ300 ዋት አያልፍም። እንዲህ ከሆነ የታመነ የ550 ዋት ሣጥን ከበቂ በላይ ነው፤ ስም የለሽ ከሆነው የ800 ዋት ሣጥንም ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ዩፒኤስ ነው። በላዩ 650 ቪኤ ተብሎ የተጻፈበት ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች መሆኑን የማያውቅ ሰው፣ ጨዋታው በተጋጋለበት ሰዓት መብራት ሲሄድ አብሮ ሲጠፋበት ይደነግጣል። የዩፒኤስ አገልግሎት ሥራን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቁ ጥቂት ደቂቃዎችን መስጠት ነው፤ ማታውን ሙሉ ለመጫወት የሚገዛው ሰው ያዝናል። ሁለተኛው የምድር ሽቦ ነው። በብዙ ቤቶቻችን ሦስተኛው የሶኬት ቀዳዳ ባዶውን ነው፤ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ የለም። የኮምፒውተሩን ብረት ኬዝ በባዶ እግር ሆነው ሲነኩት እጅን የሚነዝረው በዚህ ምክንያት ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ የሚያፈስሰው ጥቂት ኃይል መሄጃ አጥቶ በኬዙ ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተፈጥሮ ነገር ለምዶታል። አጎትዬው ግን ካርዱ ከመገዛቱ በፊት ኤሌክትሪሽያን ተጠርቶ በግቢው ጥግ የምድር ዘንግ እንዲተከል አዘዙ፤ ለዚህም የሚወጣው ገንዘብ በደብተሩ ዝርዝር ላይ ተጻፈ።

ለመሆኑ አንድ ወጣት ፕሮሰሰሩን ከአንድ፣ ካርዱን ከሌላ፣ ሣጥኑን ከሦስተኛ ፋብሪካ ገዝቶ እንዲያዋሕድ ያስቻለው ነገር ምንድን ነው? ነገሩ ከ1981 እ.ኤ.አ. ይጀምራል፤ አይቢኤም በዚያ ዓመት ያወጣውን የግል ኮምፒውተር በገበያ ከሚገኙ የሌሎች ፋብሪካዎች አካላት ስለ ገጣጠመው፣ አሠራሩንም ስለ ገለጠው፣ ሌሎች ተመሳሳዩን ለመሥራት በር ተከፈተላቸው። በ1995 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን የልክ ሥርዓት አወጣ፤ ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ፣ የማዘርቦርዱ ስፋት፣ የፓወር ሰፕላዩ ቅርጽ በአንድ ደንብ ተወሰኑ። ዛሬ በመርካቶ የተገዛ ኬዝና በዱባይ የተገዛ ማዘርቦርድ አገና ላይ ሲገናኙ ያለ ችግር የሚገጥሙት በዚህ ስምምነት ነው።

በማዘርቦርድ ምርጫ ረገድ ወጣቱ የያዘውን አሳብ አጎቱም አልተቃወሙትም። ኤኤምዲ በ2017 እ.ኤ.አ. ከመጀመሪያዎቹ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ጋር ያስፋፋው ኤኤም4 የተባለው መቀመጫ ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ኖሯል፤ ስለዚህ በርካሽ በተገዛ አሮጌ ቦርድ ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣውን 5600 መሰካት ይቻላል። ብቻ ባዮስ የተባለው የቦርዱ መነሻ ሥርዓት አሮጌ ከሆነ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውምና፣ ሻጩ ባዮሱን አድሶ እንዲሰጥ አስቀድሞ መዋዋል ያስፈልጋል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው፤ በ2025 እ.ኤ.አ. መገባደጃ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እንዴት እንደ ናረ ያየ ሰው፣ ለመጀመሪያ ኮምፒውተር ዲዲአር4 የሚቀበለውን ቦርድ ቢመርጥ አይፈረድበትም። ራሙም አንድ 16 ጊጋባይት ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ቢሆን ይመረጣል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ ሲያነብ ጨዋታው ይፈጥናልና። በ5600 ውስጥ የራሱ ግራፊክስ እንደሌለ ማወቅም ግድ ነው፤ ካርዱ ኋላ ይገዛል ብሎ እርሱን የገዛ ሰው ስክሪኑ ጨለማ ሆኖበት ይቀመጣል። ካርድ ለመግዛት ገና የሚቆጥብ ከሆነ ግራፊክሱን በውስጡ የያዘውን 5600ጂ ይውሰድ።

ወጣቱና አጎቱ ዕቃውን ለመግዛት ወደ አዲስ አበባ የሄዱት በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው።  የእቁብ ገንዘብ በአንድ ጊዜ መውጣቱ ለኮምፒውተር ገዢ የሚሰጠው አንድ ትልቅ ጥቅም አለ፤ እርሱም ሁሉንም ዕቃ በአንድ ቀን ገዝቶ፣ እዚያው ሱቅ ላይ አስገጥሞ፣ ሲሠራ ዐይቶ መውሰድ መቻሉ ነው። ከደመወዙ እየቀነሰ በየወሩ አንዳንድ ዕቃ የሚገዛው ሰው ግን፣ የመጨረሻው ዕቃ ተገዝቶ ሲገጣጠም የመጀመሪያው ብልሹ ሆኖ ቢያገኘው፣ የመመለሻው ቀን ያለፈ ይሆናል። በሌላ በኩል የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ካወጀ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ከፍ ስላለ፣ ገንዘብ ይዞ መቆየትም ጉዳት አለው። እኔ ከሁለቱ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ዋጋ ቢጨምር የሚታወቅ ጉዳት ነው፣ ሳይፈተን ሣጥን ውስጥ የከረመ ማዘርቦርድ ግን ምን እንደሚሆን አይታወቅም።

በሱቁ ሻጩ ሁለት መንገድ አቀረበላቸው። አንደኛው በባሕር ማዶ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎ የመጣ ዴል ወይም ኤችፒ ዴስክቶፕ ገዝቶ፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ፣ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት የሚበቃው እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ ካርድ መሰካት ነው። ይህ ገንዘቡ ላነሰው ሰው መናቅ የሌለበት መንገድ ነው፤ እግር ኳሱንም ጂቲኤ 5ንም ያጫውታል። ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ የፓወር ሰፕላያቸው ቅርጽና ሶኬት የፋብሪካው የራሱ ስለ ሆነ፣ ሲበላሽ በሌላ አይተካም፤ ቀጫጭኖቹም ግማሽ ቁመት ያለውን ካርድ ብቻ ነው የሚያስገቡት። ደግሞም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በቀር በይፋ አይቀበላቸውም። የጽሕፈት ቤቶቹ አሮጌ ኮምፒውተሮች በገበያው የበዙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ገዢው የትውልዱን ቁጥር ሳይጠይቅ እጁን ወደ ኪሱ አይስደድ።

ሁለተኛው፣ ልጁ በልቡ የያዘው መንገድ፣ እያንዳንዱን አካል መርጦ መገጣጠም ነው። ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ሲቀርብለት አጎቱ ቀና ብለው ዐዩት። በ2020 እና በ2021 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ካርዶች ከዓለም ገበያ የጠፉት ኢተሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማውጣት ሌት ተቀን ስለ ተጠመዱ ጭምር ነበር፤ ያ አሠራር መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲቀር ባለቤቶቹ በጅምላ ሸጧቸው። ካርዱ በዚያ ሥራ ማለፉ ብቻ አያስጥለውም፤ ብዙ ጊዜ የሚደክመው ፋኑና በውስጡ ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ነው፣ እነርሱም ይለወጣሉ። የከፋው ሐሰተኛው ካርድ ነው፤ ባዮሱ ተለውጦ፣ የዱሮ ካርድ ሆኖ ሳለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነኝ የሚል አለ። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያጋልጣቸዋል። ወጣቱ ፍላሽ ይዞ ነበርና ካርዱን አሰክቶ ፕሮግራሙን ከፈተ፤ የቺፑ ስምና የሜሞሪው መጠን ትክክል መሆናቸውን አመሳከረ፤ ከዚያ ከባድ ጨዋታ አስከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሙቀቱን ሲጠብቅ ሻጩ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ወንድሜ፣ ይሠራል አልኩህ እኮ!»

«ይሥራ እንጂ፤ ሲሠራ እንይለት» አሉ አጎትዬው፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ።

ለካርዱ ልክ የሚሆነው ስክሪኑ መሆኑን ደግሞ ልጁ ራሱ ነው ያስተዋለው። ቤታቸው ያለው ቴሌቪዥን በሴኮንድ 60 ጊዜ ብቻ ሥዕል የሚለውጥ ነው፤ በሴኮንድ 140 ሥዕል የሚያወጣ ካርድ ቢገዛ ከግማሽ የሚበልጠው ዐይን ሳያየው ይቀራል። ስለዚህ በደብተሩ ራስ ላይ በጉልህ የተጻፈውን ካርድ ትቶ አርኤክስ 6600ን ወሰደ፤ የተረፈውም ለባለ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ዋለ። በዛሬው ጊዜ አንድ ጨዋታ ከ100 ጊጋባይት ማለፉ የተለመደ ሆኗል፤ በስልክ ዳታ ማውረድ የማይታሰብ በመሆኑ ጨዋታው ከጓደኛ ወይም ከፊልም ቤት በሃርድ ዲስክ ይገለበጣል፤ እንግዲህ መቀበያው ሰፊና ፈጣን ሊሆን ይገባል።

ይህ ሁሉ ድካም ለጨዋታ ነው ወይ የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። እኔ ጨዋታን አላቃልልም፤ ገበጣን በጠጠር፣ ገናን በበትር የተጫወተ ሕዝብ ሊያቃልለው አይገባውም። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት «ኩኩሉ»ን ሠርቶ ለአደባባይ ማብቃቱ እንደሚያሳየው፣ ከሚጫወቱት መካከል የሚሠሩት ይወጣሉ፤ ብሌንደርን የመሰለ የሥዕል መሥሪያ በነፃ የሚገኝ ሲሆን የሚፈልገው ልክ ይህን ለጨዋታ የተመረጠ መሣሪያ ነው።

በአገና የደጋው አየር ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ሙቀት ብዙ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ጢስና አቧራ ነው። የእንጨት ጢስ ቅባት ያለው ጥላሸት ይዞ በፋኑ ክንፎች ላይ ሲለጠፍ፣ አቧራው በላዩ ይጋገራል። ልጁ የፊት መግቢያው ወንፊት ያለውን ኬዝ መርጦ፣ ከማድ ቤቱ በራቀው ክፍል፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ አስቀመጠው። ሱቅ ላይ የተፈተነውን ለጉዞው ፈታትቶ ስላመጣው እንደ ገና ሲገጥመው፣ ፕሮሰሰሩን ሦስት ማዕዘን ምልክቷን ከምልክቷ ጋር አገጣጥሞ፣ ሳይጫን፣ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ተወው፤ የተጣመመ እግር ያለው ፕሮሰሰር ማንም አይመልስለትምና። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ስክሪኑ ከበራ በኋላ ግን ባለ 3,200 የሆነው ራም በ2,400 ሲሠራ አገኘው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ራም በመጀመሪያ በዝግታ ነው የሚነሣው፣ ኤክስኤምፒ የተባለውን ትእዛዝ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማብራት የባለቤቱ ፈንታ ነው። ይህን ሳያደርጉ ለዓመታት የሚጠቀሙ ብዙዎች ናቸው።

እቁቡ ቀድሞ ስለ ወጣለት ገና የሚጥላቸው ብዙ ዕጣዎች ይቀሩታል፤ ያንንም ለመሸፈን ለሌሎች መምረጥና መገጣጠም ጀምሯል። የአንድ ጓደኛው አባት የካርዶችን ስም ጠርተው የቱ ይሻላል ብለው በጠየቁት ጊዜ፣ ስለ ካርዱ ከመመለሱ በፊት ቴስተሩን ይዞ ቤታቸው ሄደና ምጣዱ ተሰክቶ ሳለ ሶኬቱን ለካው። ቁጥሩ 187 ነበር።